ድምፁና አሠራሩ ለየብቻ ይዳኙ፦ ስለ ርካሽ የጆሮ ማዳመጫ ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ብዙ ሰው ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ። ጉዳዩ ርካሽ የጆሮ ማዳመጫ ነው። አዳማ ውስጥ ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ በእግሩ የሄደ ሰው በየመንገዱ ዳር ማዳመጫ ተደርድሮ ሳያይ አያልፍምና፣ ጽሑፉ እዚህ ከተማ መነጋገሪያ ቢሆን አይገርምም። ሬዲዮና ስልክ ከምጠግንበት ጠረጴዛ ፊት ቆመው ጽሑፉን እየጠቀሱ የሚከራከሩኝም አልጠፉም። ጸሐፊው ሸማቹን ከኪሳራ ለማዳን በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም። ምክራቸውን የተከተለ ሰው ግን ከአንዱ ኪሳራ ወጥቶ ሌላው ውስጥ የሚገባ ስለመሰለኝ ይህን ምላሽ ጻፍኩ።

በቅድሚያ ያሉትን እንዳሉት ላስቀምጥ። ከሁለት ሺህ ብር በታች የሚሸጥ ማዳመጫ ሁሉ አንድ ነው፤ ድምፁም አሠራሩም የማይረባ ነው ይላሉ። አቅም አጥቶ ርካሹን ለሚገዛ ሰው ደግሞ ምክር አላቸው። በእጁ መዝኖ ከበድ የሚለውን ይምረጥ፤ ሱቅ ውስጥ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ይሞክር፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች አወዳድሮ ትልቁን ይውሰድ፤ ከገዛ በኋላ ድምፁ እንዲሻሻል ሁለት ቀን ሙሉ ሳያቋርጥ ያጫውተው፤ ከቻለ ገመድ አልባ ይግዛ፣ የሚበጠስ ነገር የለውምና፤ ሲበላሽም ይጣለው፣ ጥገና አያዋጣምና።

እኔ ከጸሐፊው የምለየው ገና ከመነሻው ነው። እርሳቸው የማዳመጫን ድምፅና የማዳመጫን አሠራር በአንድ ላይ ጠቅልለው ይፈርዱባቸዋል። ሁለቱ ግን አብረው አይወድቁም፤ አብረውም አይነሡም። በጥቂት መቶ ብር የተሸጠ ማዳመጫ ድምፁ ጥርት ያለ ሆኖ ገመዱ ብዙም ሳይቆይ ሲበጠስ አያለሁ። ብረት ለብሶ፣ በቆዳ ተሸፍኖ ዓመታት የሚቆይ ሆኖ ድምፁ የታፈነም ይገጥመኛል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ስሕተቶች አብዛኞቹ ከዚህ አንድ መደባለቅ የመጡ ናቸው።

ከዋጋው እንጀምር። በአብዛኞቹ ማዳመጫዎች ውስጥ ድምፅ የሚፈጥረው ክፍል ሲታይ የሚገርም ቅለት አለው፦ አንዲት ትንሽ ማግኔት፣ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ጥቅል፣ ከጥቅሉ ጋር የተጣበቀች ስስ ሽፋን፤ በቃ። ከስልኩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በጥቅሉ ውስጥ ሲያልፍ ሽፋኗ ትርገበገባለች፣ አየሩን ትገፋለች፣ ጆሯችንም ይሰማል። ቻይና ውስጥ እነዚህን ክፍሎች በገፍ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ስላሉ የቁሱ ዋጋ እጅግ ወርዷል። አንዱን ማዳመጫ ከሌላው የሚለየው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ማስተካከል ነው፦ የቀፎው ቅርጽ፣ ከጀርባው የተተወችው የአየር ቀዳዳ ስፋት፣ ከፊት የተለጠፈው ወንፊት ጥቅጥቅነት። ይህ ዕውቀትና ትዕግሥት ይፈልጋል። ብዙ ብር ግን አይፈልግም።

የግሌ ግምት እንዳይመስል አንድ ጥናት ልጥቀስ። በ2017 እ.ኤ.አ. ጄሮን ብሬባርት የተባለ የድምፅ ተመራማሪ የ283 ማዳመጫዎችን የድምፅ ምላሽ፣ ማለትም ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ እያንዳንዱን በምን መጠን እንደሚያሰሙ የሚያሳየውን ልኬት፣ ከችርቻሮ ዋጋቸው ጋር አስተያይቶ ውጤቱን አሳትሟል። በዋጋና በድምፅ ምላሽ መካከል ዝምድና አላገኘም። ምሳሌ ለሚፈልግ ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የቻይናው ሙንድሮፕ ኩባንያ «ቹ» የተባለ ማዳመጫ አለ። ዋጋው 20 ዶላር ገደማ ነበር፤ ድምፁን ብዙ ገምጋሚዎች አሞገሱት፤ የወቀሱት ገመዱ የማይነቀል በመሆኑ፣ ገመዱ ሲበላሽ ማዳመጫው አብሮ የሚሞት በመሆኑ ነው። ድምፁ ተመሰገነ፣ አሠራሩ ተወቀሰ። በአንድ ዕቃ ላይ ሁለት ፍርድ ማለት ይኸው ነው።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ሊመልሱልኝ የሚችሉት ነገር አለ፤ እኔው ልበለው። ብሬባርት የለካው የድምፅ ምላሽን ነው። ምቾትን፣ ጥንካሬን፣ የገመዱን ዕድሜ አልለካም። ገንዘብ ጨምሮ የከፈለ ሰው በእነዚህ ነገሮች ላይ የሚያገኘው ጥቅም ሊኖር ይችላል። ደግሞም የፎርጅድ ጉዳይ አለ። የታወቀ ስም ታትሞበት በማይታመን ዋጋ የሚሸጥ ማዳመጫ ከስሙ ጋር ምንም ዝምድና የለውም ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ «ኦሪጅናል ነው፣ አንደኛ ደረጃ ኮፒ ነው» የሚለው አባባልማ ራሱን በራሱ የሚያፈርስ ነው።

ነገር ግን «ሁሉም አንድ ነው» የሚለው ድምዳሜ ከእውነታው ፍጹም ተቃራኒ ነው። የርካሽ ዕቃ ትልቁ ችግር አንድ አለመሆኑ ነው። ዋጋ የሚቆጠበው ከቁጥጥር ነው፤ ከመስመር የወጣውን እያንዳንዱን ፍሬ ማዳመጥና ግራውን ከቀኙ ጋር ማዛመድ ጊዜ ይፈጃል፣ ጊዜ ደግሞ ገንዘብ ነው። በዚህ ምክንያት ከአንድ ካርቶን የወጡ፣ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ማዳመጫዎች አንዱ ደህና፣ ሌላው በአንድ ጆሮው የደከመ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ጓደኛዬ ይህንኑ ገዝቶ ወድዶታል ማለት ብዙ አይጠቅምም። መሞከር ያለበት ያቺ በእጃችሁ ይዛችሁ የምትወጧት ፍሬ ናት።

ክብደትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጤፍ በኪሎ ይሸጣል፤ ድምፅ በኪሎ አይሸጥም። በ2015 እ.ኤ.አ. ቤን አይንስታይን የተባለ የምርት ባለሙያ የቢትስ ሶሎ ማዳመጫ ነው ብሎ የገዛውን ፈትቶ ሲያይ፣ ከክብደቱ 30 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከአራት ትንንሽ የብረት ቁርጥራጮች የመጣ ሆኖ አገኘ። ብረቶቹ የገቡት ዕቃውን ለማክበድ ነው ብሎም ደመደመ። ታሪኩ በዚህ አላበቃም፤ የፈታው ማዳመጫ ራሱ ፎርጅድ መሆኑ ታወቀ። ከዚያ እውነተኛውን ገዝቶ ፈታ፤ ብረት እዚያም ውስጥ ነበር። በአንጻሩ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጠው የኮስ ኩባንያ ፖርታ ፕሮ የተባለው ማዳመጫ ስፖንጅ፣ ፕላስቲክና ቀጭን የብረት ቅስት ብቻ ነው፤ እጅ ላይ ሲያዝ የአሻንጉሊት ያህል ይቀልላል፤ ድምፁን የሚወዱት ሰዎች ግን ከአርባ ዓመት በኋላም አልተውትም። በእጅ ሊመዘን የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሱቁ ሙከራ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ድምፅ እስከ ጥግ በተከፈተበት ሰዓት ደግሞ ባዳነቱ ይብሳል። የሰው ጆሮ ዝቅ ባለ መጠን ሲያዳምጥ ወፍራሙን ድምፅ አሳንሶ ይሰማል፤ መጠኑ ከፍ ሲል የቤዙ ድርሻ አብሮ ያድጋል። ይህንን ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች በ1933 እ.ኤ.አ. ለክተው አሳይተውታል። እንግዲህ እስከ መጨረሻው የተከፈተ ማዳመጫ ሁሉ ቤዝ የሞላበት ይመስላል ማለት ነው። ከሁለት ማዳመጫዎች መካከል በጥቂቱ ጮክ የሚለውም የተሻለ ሆኖ ይሰማናል፤ በጥራት የመረጥን እየመሰለን በጩኸት እንመርጣለን። ድምፁ ቢሰነጠቅ እንኳ የሰነጠቀው ማዳመጫው ይሁን የስልኩ ማጉያ መለየት አይቻልም። ጉዳቱም ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ገደብ 80 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል።

ታዲያ በምን ይሞከር? ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በራስ ስልክ፣ ለብዙ ጊዜ በሰማችሁት ዘፈን። ከሁሉ በፊት ግን አገባቡ ይታይ። ወደ ጆሮ ቀዳዳ የሚገባ ማዳመጫ ቤዝ የሚሰጠው ጎማው ቀዳዳውን በደንብ ሲዘጋ ነው። በሳጥኑ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት መጠን ያለው ጎማ አለ፤ ሻጩም ገዢውም የተገጠመውን ብቻ ሞክረው «ቤዝ የለውም» ብለው ያስቀምጡታል። ማዳመጫውን በጣታችሁ ጫና ሳታበዙ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉት። ቤዙ ድንገት ከመጣ ጥፋቱ የጎማው መጠን ነው፤ ሌላ ቀይሩ። ይህችን የጣት ሙከራ ባለማወቅ ብቻ ስንት ደህና ማዳመጫ እንደተጣለ ቤቱ ይቁጠረው።

ቀጥሎ የአንድ ሰው ንግግር፣ ለምሳሌ የዜና አንባቢ ድምፅ ክፈቱ። ድምፁ በሁለቱ ጆሮዎች መካከል፣ በራስ ቅላችሁ መሃል መቆም አለበት። ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አድርጋችሁ ገልብጡት። ማዘንበሉ አብሮ ከተገለበጠ ማዳመጫው አልተመጣጠነም፤ ቦታውን ካልለቀቀ ግን ጥፋቱ የማዳመጫው አይደለም፤ ጆሮን ማሳየት ይሻላል። ከዚያ ለወፍራሙ ድምፅ ከበሮ፣ ለቀጭኑ ዋሽንት ያለበት ዘፈን ይበቃል። የከበሮው ምት ዱም ብሎ የሚቆም ነው ወይስ እየጎተተ ድምፃዊውን የሚሸፍን? ዋሽንቱ ከፍ ሲል ጆሮ ይወጋል? ሽፋኗ ጠርዙን እየነካች የምትንዘር ከሆነ በወፍራም ድምፅ ላይ ዝዝዝ የሚል ነገር ይሰማል። በነገራችን ላይ በገና ለዚህ ሙከራ አይሆንም፤ የእንዚራው፣ ማለትም አውታሩን የሚያስንዝረው የቆዳ ቁራጭ፣ ንዝረት የራሱ የመሣሪያው ጌጥ ስለሆነ የሚንዘረው በገናው ይሁን ማዳመጫው ለመለየት ያስቸግራል።

የሳጥኑ ቁጥሮችስ? ጸሐፊው ትልቁ ቁጥር ይወሰድ ብለዋል፤ በብዙ ሳጥን ላይ ያለውን «ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ» የሚለውን እንይ። ይህ ቁጥር ጤናማ የሰው ጆሮ ሊሰማው የሚችለው ክልል ነው፤ ሳጥኑ የጆሯችንን መግለጫ አትሞ ሰጠን እንጂ ስለ ማዳመጫው የነገረን የለም። በዚያ ክልል ውስጥ ድምፁ በስንት ዴሲቤል እንደሚወጣና እንደሚወርድ ካልተጻፈ ቁጥሩ ባዶ ነው። የሽፋኗ ስፋት በሚሊሜትር መጻፉም እንዲሁ፤ 10 ሚሊሜትሩ ከ6 ሚሊሜትሩ የከፋባቸው ማዳመጫዎች ሞልተዋል። የብሉቱዝ ቁጥር ከፍ ማለቱም በራሱ ድምፅ አያጠራም፤ ድምፁን የሚወስነው በይበልጥ ማዳመጫውና ስልኩ የተስማሙበት የድምፅ መጭመቂያ ዘዴና የማዳመጫው የራሱ ማስተካከያ ነው። በጣም የሚያሳስተው ግን «ኢኤንሲ» (ENC) የሚለው ጽሑፍ ነው። ብዙ ሰው የውጭውን ጫጫታ ከጆሮው የሚያጠፋለት ይመስለዋል። ኢኤንሲ የሚሠራው ለማይክሮፎኑ ነው፤ እኛ ስንደውል ወዲያ ማዶ ያለው ሰው የባጃጁን ጡሩንባ እንዳይሰማ ይሞክራል። ለእኛ ጆሮ ጸጥታ የሚሰጠው «ኤኤንሲ» (ANC) የሚባለው ሌላ ሥርዓት ነው። አንዲት ፊደል ናት ልዩነቱ፤ ነጋዴውም ይህችን ፊደል ሲያብራራ ሰምቼ አላውቅም።

ሁለት ቀን ሙሉ አጫውቱት የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። እንዲህ ዓይነት ልምምድ የሚያመጣው ለውጥ ሲለካ የተገኘው፣ ማዳመጫው ጆሮ ላይ በትንሹ ቦታ ሲቀይር ከሚመጣው ልዩነት ያነሰ ነው። የሚለምደው ጆሯችን ነው። ሻጩ በማግስቱ ዕቃ መልሶ በማይቀበልበት ገበያ ሁለት ቀን ጠብቁ ማለት ደግሞ የመመለሻውን ቀን አሳልፉት ማለት ነው።

ገመድ አልባው አይበጠስም ለሚለው ክርክር ሰፋ ያለ መልስ አለኝ፤ እዚህ ጋ ነውና አሠራር በቅርብ የሚታየው። እውነት ነው፣ ወደ ጥገና ከሚመጡት ባለገመዶች አብዛኞቹ የተበጠሱ ናቸው። ገመድ አልባው ግን ከመበጠስ ያመለጠው በባትሪ ማርጀት ተለውጦ ነው። በአንዷ ፍሬ፣ ማለትም ጆሮ ላይ በምትገጠመው ክፍል፣ ውስጥ ያለችው ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሚሊአምፔር ሰዓት የምትይዝ ናት፤ የስልካችን ባትሪ አምስት ሺህ ገደማ ይይዛል። ትንሿ ባትሪ ቶሎ ስለምታልቅ ቶሎ ቶሎ ትሞላለች፣ ቶሎም ታረጃለች። ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ሙቀት ጠላቱ ነው። እኛ የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ቀትር ላይ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ፣ ከመሪው ፊት ለፊት የተቀመጠ የማዳመጫ ሳጥን ምን እንደሚደርስበት ማሰብ ነው። ፍሬዋ በሙጫ የተዘጋች ስለሆነች ባትሪዋን ለመቀየር መስበር ያስፈልጋል።

ስልክ ማውራት ለሚያዘወትር ደግሞ ሌላ እንከን አለ። በብሉቱዝ ሙዚቃ ስንሰማ ደህና የነበረው ድምፅ ማይክሮፎኑ ሲከፈት ይደቃል፤ በጥሪ ጊዜ ድምፁ በሰከንድ 8,000 ወይም 16,000 ናሙና (የድምፁ ቅጽበታዊ ልኬት) ወደሚያስተላልፈው ሌላ መንገድ ስለሚዛወር ነው። የተለመደው የሙዚቃ ፋይል በሰከንድ 44,100 ናሙና ይይዛል። ማይክሮፎኑም ከአፍ ርቆ ጆሮ ላይ ስለሚቀመጥ ነፋስ ይመታዋል። ከከተማችን ዳር 51 እና 153 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት በከንቱ አይደለም። በአዳማ መንገድ ላይ እየሄደ በርካሽ ገመድ አልባ የሚያወራ ሰው «አይሰማም፣ ድገመው» ሲባል መዋሉ የተለመደ ነው። ገመድ አልባ አትግዙ አልልም፤ ለሩጫና ለስፖርት ቤት ይመቻል። አይበላሽም ብሎ መግዛት ግን ራስን ማታለል ነው።

በእጅ ይመዘን ያልኩትም እዚህ ላይ ይመጣል። ባለገመዱን ስትገዙ ሦስት ቦታ ዳስሱ፦ ጃኩ (ስልኩ ላይ የሚሰካው ጫፍ) ከገመዱ የሚገናኝበትን፣ ገመዱ ለሁለት የሚከፈልበትን፣ ገመዱ ወደ ፍሬው የሚገባበትን። በነዚህ ቦታዎች ገመዱን የሚደግፍ፣ ሲታጠፍ አብሮ የሚታጠፍ ለስላሳ ጎማ ካለ ጥሩ። ጎማው ደረቅ ሆኖ ገመዱ ከጫፉ ላይ ሰብሮ የሚታጠፍ ከሆነ የሚበጠሰው እዚያው ነው። ሙዚቃ ከፍታችሁ ገመዱን በእነዚህ ቦታዎች ወዘወዝ አድርጉት፤ ድምፁ አንዴ እንኳ ከተቆራረጠ መልሱት። ፊት ያለው ወንፊትም ይታይ። የተነቀለበት ማዳመጫ በዚህ አቧራ ብዙ አይቆይም፤ ወንፊቱ በአቧራና በጆሮ ቆሻሻ የተደፈነበት ግን ሞተ ተብሎ ይምጣ እንጂ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይነሣል።

የመጨረሻው ነጥባቸው «ሲበላሽ ይጣል» የሚለው ነው። አንድ ተማሪ ማዳመጫውን አምጥቶ «ጋሼ፣ ይህ ነገር ሙዚቃውን እንጂ ዘፋኙን አያሰማም» አለኝ። አብሮት የነበረው ጓደኛው ርካሽ ስለሆነ ነው ብሎ ሊያስጥለው ደርሷል። ሰምቼ አየሁት፤ እንዳለው ነው፣ ኪቦርዱና ጊታሩ ከሩቅ ይሰማሉ፣ ድምፃዊው የለም። ምክንያቱ ከዋጋው ጋር አይገናኝም። ግራና ቀኝ በጋራ የሚጠቀሙበት የመመለሻ ሽቦ ሲበጠስ ኤሌክትሪኩ ከግራው ፍሬ ወደ ቀኙ ያልፋል፤ የሚሰማውም በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ይሆናል። የድምፃዊው ድምፅ በሁለቱም ወገን እኩል ስለሚቀረጽ፣ ልዩነት የለውምና ይጠፋል። በሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ሆኖ፣ የተቀረጸ አሮጌ ዘፈን ቢከፈትበት ኖሮ ጭራሽ ምንም አይሰማም ነበር። ሁልጊዜ ደግሞ ብጥስ መሆን የለበትም፤ የስልኩ ሽፋን ወፍራም ሆኖ ጃኩን እስከ ውስጥ ካላስገባው፣ ወይም የጃኩ አደራደር ከስልኩ ጋር ካልተስማማ ይኸው ዘፋኝ የመጥፋት ነገር ይመጣል። የተማሪው ግን ጃኩ ሥር ተበጥሶ ነበር።

ሥራው ይህን ይመስላል። ጃኩ ተቆርጦ ገመዱ ሲላጥ ውስጡ ቀይ፣ አረንጓዴና የመዳብ መልክ ያላቸው ከክር ጋር የተገመዱ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ቀለሙ ቫርኒሽ ነው፤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ስታኞም (ለመበየድ የሚቀልጠው ብረት) አይዝም። ብዙ ጀማሪ ጠጋኝ እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ «የማይበየድ ርካሽ ሽቦ ነው» ይላል። በጋለ የመበየጃ ካውያ ጫፍ ላይ ስታኞ አቅልጦ ሽቦውን እዚያው ውስጥ ጥቂት ቢያቆየው ቫርኒሹ ተቃጥሎ ይለቃል፣ ሽቦውም ብር መስሎ ይወጣል። ከዚያ አዲስ ጃክ ይበየዳል። የጃኩና የእጅ ዋጋው ተደምሮ ከአዲስ ማዳመጫ የሚበልጥ ከሆነ በርግጥ አያዋጣም፤ ለዚህ ነው ድምፁን ለይቶ ማወቅ ያስፈለገው። ድምፁ ከተወደደ ጃክ መቀየር ያዋጣል፤ ድምፁ ድሮም ካልጣመ ገመዱ ባይበጠስም አያዋጣም። ጥፋቱ ፍሬው ውስጥ ከሆነ፣ ከፀጉር የቀጠነው ጥቅል ከተቃጠለ ወይም ሽፋኗ ከተቀደደ፣ ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ በሙጫ የታሸገውን ከፍቶ ማዳን አይቻልም። ያኔም ቢሆን ጃኩ ደህና ከሆነ ከነገመዱ ተቆርጦ ይቀመጥ፤ ለሌላው ይሆናል።